የሳይንስ ተማሪ ሳይመራመር አይመረቅ፦ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለሳይንስ ኮሌጆች ዲኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር፣
በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጆች ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ የሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ምርምር በእርግጥ የሚሠራ ምርምር እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የማስተምር፣ በየዓመቱም የተመራቂ ተማሪዎችን የምርምር ሥራ የማማክር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት እጄ የገባ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ከሚገኙ የእርሻ ማሳዎች በተወሰደ አፈር ላይ የተሠራ ጥናት ነው ይላል። መግቢያው የተስተካከለ፣ ሰንጠረዦቹ የተሟሉ፣ ጥራዙም ያማረ ነበር። ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳነብ ግን፣ ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በሚለው ሥር፣ ከእኛ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ የሌላ ከተማ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ አገኘሁ። ተማሪውን ጠርቼ ገጹን ሳሳየው አልካደም። "መምህር፣ የጠየቅነው ኬሚካል እስከ ግንቦት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የመውጫ ፈተና ደረሰ። ሳልመረቅ እንዳልቀር ፈርቼ ነው" አለኝ። ጽሑፉን የገዛው ከግቢ ውጭ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር።

የልጁን ጥፋት አላቃልልም፤ በደንቡ መሠረት የሚገባውን ቅጣት ተቀብሏል። ነገር ግን ያቀረበው ምክንያት አንድም ሐሰት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ የኬሚካሉን መጠየቂያ የፈረምኩት እኔ ነበርኩና። ኅዳር ላይ ተፈርሞ የሄደው ወረቀት ምላሽ ሲያገኝ ልጁ ለፈተና ዝግጅት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን የአንድ ተማሪ ሐቀኝነት ማጣት ብቻ አድርጌ ልተወው አልቻልኩም። አንድ ወጣት ሳይንስ ሊማር መጥቶ፣ አራት ዓመት በግቢ ኖሮ፣ በገዛ እጁ አንድም ጥያቄ ለተፈጥሮ ሳያቀርብ ዲግሪ ይዞ እንዲወጣ የሚያደርግ አሠራር ዘርግተናል። ይህን አሠራር የዘረጋነው ደግሞ ተማሪዎቹ ሳይሆኑ እኛ መምህራኑ፣ ኮሌጆቹና መሥሪያ ቤቱ ነን።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት፣ እሱም አማካሪውም መልሱን አስቀድመው የማያውቁትን አንድ ጥያቄ፣ ጥያቄው ትንሽም ቢሆን፣ ራሱ መርምሮ እንዲወጣ በቂ ጊዜ፣ መጠነኛ ገንዘብና ሥራውን በእርግጥ የሚከታተል አማካሪ ይመደብለት።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት የራሴን የተማሪነት ጊዜ ላንሳ። የመመረቂያ ሥራዬ በእንዶድ ላይ ነበር። እንዶድን የመረጥኩት የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ በክፍል ሰምቼ ልቤ ስለተነካ ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው ማየታቸውና እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እስከ ማረጋገጥ መድረሳቸው የታወቀ ነው። በኋላም ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ብርቱ የሆነውን መርጠው ለማልማት ለዓመታት ደክመዋል፤ ኢ-44 የተባለው ዓይነት የታወቀውም በዚህ ሥራ ነው። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። በእንዶድ ልብስ ማጠብ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ከወንዝ ዳር የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም ሰው ብዙ ይሆናል። ሁለቱን አገናኝቶ ምክንያቱን ለማወቅ መነሣት ግን የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ እኔም ያን ዓይን ፈልጌ ነበር።

የእንዶድ ፍሬ ከገበያ ገዝቼ፣ ፈጭቼ፣ በሊትር 10፣ 20 እና 40 ሚሊግራም አድርጌ በውሃ በጠበጥኩ። ቦቲ ጫማና ጓንት አድርጌ ከጅረት የለቀምኳቸውን ቀንድ አውጣዎች ቢከር በምንለው የላብ ብርጭቆ አሥር አሥር ከፈልኳቸው። አንዱ ቢከር እንዶድ የሌለበት ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር፤ ኮንትሮል የምንለው ማነጻጸሪያ ማለት ነው። በማግሥቱ ጠዋት የላቡን በር ከፍቼ ስገባ እንዶድ ባለባቸው ቢከሮች ውስጥ አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ደስ እያለኝ ወደ ማነጻጸሪያው ዞርኩ፤ እዚያም ከአሥሩ ሰባቱ ሞተዋል። ቀንድ አውጣዎቹን በመርፌ ጫፍ እየነካሁ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። የማስረከቢያ ቀን ቀርቦ ስለነበር በደብተሬ ላይ "የሞተ፦ 0" ብዬ ልጽፍ እንደነበር ዛሬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ያዳኑኝ የላብ ረዳታችን ናቸው። በትምህርት ክፍሉ በረንዳ ላይ ያለውን የዓሣ ገንዳ የሚንከባከቡ አዛውንት ነበሩ። ተክዤ ሲያዩኝ ጠጋ ብለው "ውሃውን ከየት ቀዳኸው?" አሉኝ። "ከቧንቧ ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ክሎሪን ነው የገደላቸው። እኔ ለዓሣዎቹ ውሃ ስቀይር በባልዲ ቀድቼ፣ አፉን ከፍቼ፣ አንድ ሁለት ቀን አሳድሬ ነው የምጨምርላቸው" አሉኝ። እንደ ነገሩኝ ውሃውን አሳድሬ፣ ሌላ ቀንድ አውጣ ለቅሜ፣ ሥራውን ከሥሩ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። በሁለተኛው ሙከራ በማነጻጸሪያው ቢከር አሥሩም በሕይወት አደሩ። በ40 ሚሊግራም ሁሉም ሞቱ። በ10 ሚሊግራም ግን ከአሥሩ ስድስቱ ቀንዳቸውን አውጥተው የቢከሩን ግድግዳ ሲወጡ አገኘኋቸው። ማነጻጸሪያ ባላስቀምጥ ኖሮ ክሎሪን የገደለውን እንዶድ ገደለው ብዬ፣ 10 ሚሊግራም በቂ ነው ብዬ ጽፌ እመረቅ ነበር። ያን የሚያምን ሰው ቢገኝ ደግሞ አነስተኛውን መጠን ወንዝ ላይ ረጭቶ ቢልሃርዚያ ይጠፋል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ኮንትሮል ምን ማለት እንደሆነ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ተጠይቄም በትክክል መልሻለሁ። ሆኖም ከዚያ ጠዋት ወዲህ ማንኛውንም የምርምር ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ማነጻጸሪያውን ነው። ያን ልማድ የሰጠኝ የትኛውም ሌክቸር አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምርምር ይሥራ ስል ታላቅ ግኝት ያምጣ ማለቴ እንዳልሆነም ከዚሁ ይታያችኋል። የእኔ ሥራ ለእንዶድ እውቀት የጨመረው ነገር የለም። የራሴን ስሕተት ራሴ አግኝቼ፣ ምክንያቱን ደርሼበት፣ እንደገና መሥራት እንደምችል ግን አሳይቶኛል።

መደበኛው የላብ ትምህርት ይህን አይሰጥም ወይ የሚል ይኖራል። የላብ ትምህርትን አልንቅም፤ ፒፔት መያዝ፣ ማይክሮስኮፕ ማስተካከል፣ አሲድና ቤዝ መመጠን ያልለመደ እጅ ለምርምር አይበቃም። ነገር ግን በማኑዋል የሚመራው ላብ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ተማሪው አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየውን ፊኖልፍታሊን ጨምሮ ፈሳሹ ወደ ሮዝ እስኪለወጥ ጠብታ ሲቆጥር፣ ስንት ሚሊ ሊትር ላይ መለወጥ እንዳለበት ካለፈው ባች ሪፖርት ላይ አይቶ መጥቷል። የእሱ ቁጥር ከዚያ ከራቀ ስሕተቱን አይፈልግም፤ ቁጥሩን ወደሚጠበቀው አስጠግቶ ይጽፈዋል። ይህን የሚያደርጉት ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም። ማርኩ የሚሰጠው ለትክክለኛው ቁጥር እንደሆነ የተረዱ ጎበዞችም ያደርጉታል። እንዲህ ሦስት ዓመት የለመደ ተማሪ በአራተኛው ዓመት የመመረቂያ ሥራ ሲሰጠው ያንኑ ልማድ ይዞ መምጣቱ አይደንቅም።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎች ከልብ የያዙት ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በማርጋሬት ማክቪካር መሪነት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር በምርምር የሚሠሩበትን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ ተማሪዎች በክረምት ወራት በምርምር ቡድን ውስጥ እንዲሠሩ ገንዘብ ይመድባል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ኢንስቲትዩት ድጋፍና በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ግርሃም ሃትፉል ሳይንሳዊ መሪነት የተጀመረው ሥራ ነው። እዚያ ምርምሩ የሚካሄደው ለጥቂት የተመረጡ ተማሪዎች ሳይሆን በመደበኛ ክፍል፣ ገና ለጀማሪ ተማሪዎች ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከደጁ አንድ እፍኝ አፈር ያመጣል፤ ከአፈሩ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ባክቴሪዮፌጅ፣ ለይቶ ያወጣል፤ ያገኘውን ቫይረስ ራሱ ስም ያወጣለታል። የዘረመሉ ቅደም ተከተል የተነበበለትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ተንትነውት ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። የዘረመል ንባቡ ለእኛ ውድ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱን ከአፈር ለይቶ ማውጣት ግን ፔትሪ ዲሽ፣ ባክቴሪያ የሚያድግበትን አጋር የተባለ የረጋ ምግብ፣ ጉዳት የማያስከትል ባክቴሪያና ማጣሪያ ነው የሚጠይቀው።

በዚህ ጉዳይ የሚወጡ ጥናቶች ብዙ መልካም ነገር ይዘግባሉ፤ በምርምር የተሳተፉ ተማሪዎች በሳይንስ ትምህርታቸው ይጸናሉ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪም ይበልጥ ያመራሉ ይላሉ። ለራሴ መከራከሪያ የሚመች ቢሆንም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምርምር የሚሳተፉት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያውኑ ትጉህና ተነሣሽ የነበሩት ስለሆኑ፣ የታየው ልዩነት ሁሉ ከምርምሩ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ምርምሩ ለሁሉም ተማሪ ይዳረስ የምለውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ጎበዙን መርጠን ብናሠራ ጎበዝ ሆኖ ይወጣል፤ ማን ምን እንዳተረፈ ግን አናውቅም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጎንደር በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው እየሠሩ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። ጅማም በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተመሠረተ ጊዜ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መመሪያው አድርጎ፣ ተማሪዎች ቀበሌ ድረስ ወርደው የቤት ለቤት መረጃ የሚሰበስቡበትን፣ ችግር የሚለዩበትንና የተማሪ ምርምር የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የጤና ተማሪ ከሕዝቡ ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ የተባለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የባዮሎጂው፣ የኬሚስትሪው፣ የፊዚክሱና የጂኦሎጂው ተማሪ ለምን ከዚህ እንደ ቀረ ለእኔ ግልጽ አይደለም።

የሚመረመር ነገር በየደጃችን ሞልቷል። አንድ ምሳሌ ላብራራ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ይህች ትንኝ ከለመድናቸው የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ ውስጥ በውሃ ታንከር፣ በበርሜልና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ መራባት መውደዷ ነው። ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው ብሎ ለተረጋጋ ከተሜ ይህ ከባድ ዜና ነው። አሁን አንድ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አርባ ተመራቂ ተማሪዎች አሉት እንበል። ጭልፋ፣ ፒፔትና ነጭ ሳሕን ይዘው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ የከተማውን ቀበሌዎች ተከፋፍለው የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ቢመረምሩ፣ የትኛው ዓይነት ማጠራቀሚያ እጭ እንደ ያዘ፣ ክዳን ያለውና የሌለው ምን ያህል እንደሚለያዩ በአንድ ሴሚስተር ያውቃሉ። የትንኟን ዝርያ በእርግጠኝነት መለየት የሠለጠነ ባለሙያ ቢጠይቅም፣ ለዚያ ናሙናው ለጤና ምርምር ተቋማት ሊላክ ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ ሰፈር ደግሞ ያያል። አምስት ዓመት ሲሆን የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚጠቀምበት መረጃ ይኖራል፤ በመካከሉ ሁለት መቶ ወጣቶች ናሙና መውሰድ፣ መመዝገብና መጠራጠር ተምረዋል።

ለባሕር ዳርና ለጎንደር ተማሪ የጣና እንቦጭ አለ። ለአርባ ምንጭ ዓባያና ጫሞ፣ ለዲላ የጌዴኦ የጥምር ደን እርሻ አሉ። በስምጥ ሸለቆ ለሚገኙ የኬሚስትሪ ክፍሎች በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በአካባቢው ከዚያ እጅግ ያለፉ ጉድጓዶች መኖራቸው በሕዝቡ ጥርስ ላይ የሚታይ ነው። ዛሬ በአንዳንድ አካባቢዎች በጸጥታ ምክንያት ከግቢ መውጣት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ተማሪን ለአደጋ አጋልጡ አልልም። ሆኖም ግቢው ውስጥም የተማሪዎች ካፌ አለ፤ በየቀኑ የጤፍ ሊጥ ይቦካል። የእርሾው መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ የሊጡ አሲድነት በየስንት ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ በአንድ ፒኤች ሜትር ለሦስት ቀን የተከታተለ ተማሪ፣ ሌሊት ተነሥቶ መለካት ምን እንደሆነና የምድጃው ቤት ሙቀት ቁጥሩን እንዴት እንደሚያዛባው ይማራል።

ታዲያ ምን ያግደናል? በእኔ ዕይታ ትልቁ እንቅፋት ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት ተመልሶ ዲግሪው ወደ አራት ዓመት ሲያድግ ለምርምር ሰፋ ያለ ቦታ ይገኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ሆነ። የመውጫ ፈተናን አልቃወምም። ዲግሪ ያለ እውቀት ሲታደል ያየ መምህር ሊቃወመው አይችልም፤ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣትም የበዛ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ፈተናው በመጨረሻው ዓመት ላይ እንደ ተራራ ስለቆመ፣ ሁለተኛው ሴሚስተር በሞላ የክለሳ ወቅት ሆኗል፤ ትምህርት ክፍሎችም የሚመዘኑት ባሳለፉት ተማሪ ብዛት በመሆኑ ጉልበታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ምርጫ መልስ ያለው ፈተና ተማሪው የተማረውን ይመዝናል። ቀንድ አውጣው ለምን በንጹሕ ውሃ እንደ ሞተ ደርሶበት እንደሆነ ግን አይመዝንም።

ሁለተኛው እንቅፋት ግዥ ነው። ከመጽሐፍና ከአስተማሪ እኩል የሳይንስ ትምህርትን የሚያቆመውና የሚጥለው የግዥ ክፍል እንደሆነ ከላብ የራቀ ሰው ላያውቅ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ይገባል። የተማሪው ፕሮፖዛል የሚጸድቀው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው። ከዚያ መጠየቂያው ይሞላል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ጨረታ ይወጣል። ዕቃው ሲገባ ወይ ግንቦት ሆኗል ወይ የበጀቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ደርሷል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ኬሚካል ለማን እንደ ተገዛ ሳይታወቅ ጊዜው ያልፍበታል። የአንድ ተማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ግን ፊልተር ወረቀት፣ አንድ ጠርሙስ አጋር ወይም ናሙና የሚመላለስበት የታክሲ ሂሳብ ነው።

ስለ እኛ ስለ አማካሪዎቹም እውነቱን መናገር ይገባኛል። ባለፈው ዓመት 17 ተማሪዎችን በአምስት ቡድን አማክሬአለሁ። በየቡድኑ ሁለቱ ሲሠሩ የቀሩት ስማቸውን አስገብተዋል፤ ሁሉንም በየሳምንቱ ማየት ስላልቻልኩ ይህን የተረዳሁት ተማሪዎቹ ሥራቸውን በፈታኞች ፊት በሚያስረዱበት ዲፌንስ ላይ ነው። ሳያነቡ የሚፈርሙ አማካሪዎች አሉ። የማማከር ሥራ በመምህሩ የሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ያለው ድርሻ ከሚወስደው ጊዜ ጋር አይመጣጠንም፤ ለደረጃ ዕድገትም የሚረዳው ነገር እምብዛም ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ መምህሩ ከተማሪው ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ላብ ቢገኝ ከራሱ በጎነት እንጂ ከሥርዓቱ አይደለም።

ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የምርምሩ ጥያቄና ፕሮፖዛል ከአራተኛ ዓመት ወደ ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ይምጣ። ይህ አንድ እርምጃ ብቻውን ሁለት ነገር ያስተካክላል፤ የሁሉም ተማሪዎች ፍላጎት በሰኔ ተሰብስቦ ከሐምሌው በጀት ጋር በአንድ ግዥ ሊፈጸም ይችላል፤ ሙከራውም በአራተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር አልቆ ሁለተኛው ለጽሑፉና ለመውጫ ፈተናው ዝግጅት ይቀራል። ለጥቃቅን ወጪዎች ደግሞ በትምህርት ክፍል ኃላፊው እጅ የሚቀመጥና በደረሰኝ የሚወራረድ መጠነኛ ገንዘብ ይፈቀድ። በመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎች፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ አመሻሽተው በእግር እንዳይመለሱ የዩኒቨርሲቲው መኪና ለጥቂት ቀናት ቢመደብ ብዙ ወላጅ ያመሰግናችኋል።

የምዘናው ነገር ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ዛሬ የምንመዝነው ጥራዙን ነው፤ ጥራዝ ደግሞ ይሸጣል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ፖሊስ ብንልክ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ከማርኩ የሚበዛው ክፍል ተማሪው ቀን እየጻፈ በእጁ ለያዘው የላብ ደብተርና አማካሪው በየሳምንቱ ፊርማውን ላኖረበት መዝገብ ቢሰጥ፣ ዲፌንሱም በአዳራሽ ውስጥ ስላይድ በማንበብ ሳይሆን ተማሪው በሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ "ይህን ቁጥር እንዴት አገኘኸው? እስቲ አንዴ አሳየን" እየተባለ ቢካሄድ፣ የተገዛ ጽሑፍ ዋጋ ያጣል። ሙከራው ያልተሳካለት፣ ነገር ግን ለምን እንዳልተሳካ መርምሮ የጻፈ ተማሪ ደግሞ ሙሉ ማርክ የማግኘት መብት እንዳለው በመመሪያ ይጻፍ። ይህ በጽሑፍ እስካልተቀመጠ ድረስ ተማሪው ቁጥር ማስተካከሉን አይተውም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ብዕሬን አንሥቼ ነበርና አውቀዋለሁ።

የቡድኑ መጠን ከሦስት እንዳይበልጥ፣ የአንድ አማካሪ ድርሻም ሊከታተለው በሚችለው ቁጥር እንዲወሰንና ማማከሩ በሥራ ጫናው ውስጥ በአግባቡ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። መምህር በማይበቃበት ክፍል፣ የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የጤና ምርምር ተቋማትና የውሃ ቢሮዎች ተማሪዎችን ለጥቂት ወራት ተቀብለው ከባለሙያዎቻቸው ጋር እንዲያሠሩ ስምምነት ይደረግ። ብዙዎቹ መሣሪያ አላቸው፤ ናሙና የሚሰበስብና የሚቆጥር እጅ ግን ያጥራቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና ኮምፕሪሄንሲቭ ተብለው መለየታቸውም ይህን ዕድል ለጥቂቶቹ ብቻ የሚያስቀር እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ኮምፕሪሄንሲቭ በተባለ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የገበሬ ልጅ ከቤቱ የሚያውቀው የአፈር፣ የዘርና የከብት ጥያቄ ከማንም አያንስም።

በመጨረሻም የተማሪዎቹ ሥራ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑር። ዛሬ ጥራዞቹ በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ጥግ ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራውን ተማሪ መረጃ የዘንድሮው አያየውም። የእያንዳንዱ ተማሪ ጥሬ መረጃ በየትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢቀመጥ፣ ከላይ እንዳልኩት የትንኝ እጭ ቆጠራ ያለ ሥራ ከባች ወደ ባች እየተቀባበለ ይቀጥላል።

የዘንድሮ ተማሪዎቼ ፕሮፖዛላቸውን አስገብተዋል። አንዷ የካፌውን ሊጥ፣ ሁለቱ የግቢውን ጅረት፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘዋል። የኬሚካል መጠየቂያቸውን ፈርሜ ልኬአለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሚኒስቴሩ ወይም ኮሌጆች ውይይት ቢጠሩ፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ የተማሪዎቻችንን የላብ ደብተሮች ይዘን እንቀርባለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የባዮሎጂ መምህር